ዋሽንት መማር ጎንደር ውስጥ፦ አስተማሪዬ ይነፋል፣ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ

ማራኪ ሰፈር
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለች ጥያቄ ናት፣ ትዕግሥት ያለው ያንብብልኝ።

ዕድሜዬ 31 ነው፣ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ልጅ ሆኜ ክረምት ሲመጣ አያቴ ዘንድ ደንቢያ እንሄድ ነበር። እዚያ ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ነበር፤ ማታ ከብቱን ሲመልስ የሚነፋት ዋሽንት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። እኔ ግን "ሴት ልጅ አታፏጭም" እየተባልሁ ነው ያደግሁት፤ ዋሽንትማ ጭራሽ አይታሰብም። ዘንድሮ በገዛ ደሞዜ ማን ይከለክለኛል አልሁና ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አንድ ዋሽንት ገዛሁ።

አስተማሪም አገኘሁ። ማታ ማታ የባህል ጭፈራ ቤት የሚጫወት ሰው ነው። ጎበዝ ነው፣ አልክድም፤ ሲነፋ ጸጉር ያቆማል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንድ ሰዓት 400 ብር። ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሰዓቱ እንዲህ ነው የሚያልቀው፦ እሱ ሩብ ሰዓት ይነፋል። "ሰማሽ?" "ሰማሁ።" "በይ እንግዲህ።" እነፋለሁ፤ ፉፉፉ፣ ነፋስ ብቻ። አንዳንዴ ድምፅ ብቅ ትልና ትጠፋለች። ይስቃል። ስልኩ ይጠራል፣ ያወራል። ተመልሶ ይነፋል። "ሰማሽ?"

ሁለት ነገር ደግሞ ግራ ገብቶኛል። አንደኛ፣ አሥር ደቂቃ ስነፋ ራሴን ያዞረኛል። ባለፈው ጊዜማ ግድግዳ ይዤ ነው የቆምሁ። ሁለተኛ፣ አራቱንም ቀዳዳ ደፍኜ የታችኛውን ብቻ ስከፍት የእሱ ድምፅ ትንሽ ነው ከፍ የሚለው፣ የእኔ ግን ዘሎ ይሄዳል። "ጆሮሽን ክፈቺ" ይለኛል። ከዚህ በላይ እንዴት ልክፈተው?

ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የእሱ? ሌላ ሰው ልፈልግ? ሁዳዴ ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ከገባ በኋላ አከራዬ ዋሽንት የሚያስነፉኝ አይመስለኝም።


የአንገረብ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡25

ማታ እንዳትነፊ ብቻ፣ እባብ ይጠራል 😂

ከምር ግን 6 ጊዜ 400 ማለት 2400 ብር ነው። በዚህ ብር ሰውየው ሲጫወት ለማየት ጭፈራ ቤቱ ብትሄጂ ጥብሱም ይጨመርልሽ ነበር።


ጎሐ ላይ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡02

እኔ ከሰውየው ጋር ነኝ። ዋሽንት እኮ ዶ ሬ ሚ የለውም። እረኛውን ማን አስተማረው? ሰምቶ፣ ሞክሮ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነው የለመደው። የኛ ሰው ሁሉን ነገር በወረቀትና በሰርተፍኬት ይፈልጋል። ስድስት ቀን ሄዶ ዋሽንት የነፋ ሰው እስቲ አሳዩኝ። ሰውየው እያሰማሽ ነው፣ ስሚ። ጎበዝ ተጫዋች አግኝተሽ ታማርሪያለሽ?


ማራኪ ሰፈር
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡15

ወንድሜ፣ እረኛው ከጧት እስከ ማታ ከብት ኋላ ነው የሚውል። አድማጩ በሬ ነው፣ አይስቅበትም። እኔ ከሥራ ወጥቼ፣ ባጃጅ ተጋፍቼ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ። መስማቱንስ በስልኬም እሰማለሁ። እኔ ስነፋ የሚሰማኝ ሰው ነው ያጣሁት።


ከንፈረ ብረት
ረቡዕ፣ ጧት 1፡40

ጎንደር ነው ያደግኩት፣ አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ዋሽንት ሳይሆን ፍሉት ነው የምጫወተው፤ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ፣ ተማሪዎችም አሉኝ። መሣሪያው ቢለያይም የትንፋሹ ነገር አንድ ስለሆነ ልናገር።

ሁለቱም ምላስ የላቸውም፤ ማለቴ እንደ ክላርኔት የሚርገበገብ ቅጠል የለባቸውም። ድምፁ የሚወጣው ትንፋሽሽ የቀዳዳውን ስለት ሲመታና ለሁለት ሲከፈል ነው። ፍሉት ወደ ጎን ይያዛል፣ ስለቱ በጎኑ ባለው ቀዳዳ ላይ ነው። ዋሽንት ግን ጫፉ ላይ ነው የሚነፋው፣ ስለቱ ራሱ የሸምበቆው አፍ ነው። ስለዚህ ይከብዳል። ከንፈርሽ ከሸምበቆው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን በትንሹ ሲዛነፍ ድምፁ በሙሉ ይሄዳል። ፉፉፉ የሚለው ለዚህ ነው፤ ትንፋሽሽ ስለቱን ስቶ እያለፈ ነው።

አንድ ነገር ሞክሪ። ዋሽንቱን አስቀምጪና ባዶ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አምጪ፣ የብርጭቆውን። አፉን ከታችኛው ከንፈርሽ ሥር አስደግፊና በቀስታ ንፊ። ዱዱዱ ብሎ ሲመልስልሽ ከንፈርሽ ምን ያህል እንደተከፈተ በመስታወት እዪ። የስንዴ ፍሬ ታክል ቀዳዳ ትበቃለች። ከዚያ ወደ ዋሽንቱ። ጣት የለም! ቀዳዳ ደፍኖ የሚጀምር ሰው ሁለት ችግር በአንዴ ይጀምራል፤ ድምፁ ሲጠፋ ጣቱ አየር አፈሰሰ ወይስ ከንፈሩ ተዛነፈ፣ አያውቅም። የኔ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ሳምንት ቁልፍ አይነኩም፤ የፍሉቱን ጭንቅላት ብቻ ነቅለን ነው የምንነፋው።

ራስ ማዞሩ ደግሞ በሽታ አይደለም። ብዙ አየር ቶሎ ቶሎ እያስወጣሽ ነው፤ ደምሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ ራስ ያዞራል። ሲጀምርሽ አቁሚ፣ ተቀመጪ፣ እንደ ወትሮሽ ተንፍሺ። ሁለት ደቂቃ ነፍተሽ አንድ ደቂቃ እረፊ። ቀዳዳሽ ሲጠብ አየሩ ይቆጠባል፣ ማዞሩም ይተውሻል። ድምፅ ሳይወጣ አሥር ደቂቃ ሳታቋርጪ ስትነፊ ዝም ብሎ የሚያይ አስተማሪ ግን ጎበዝ ተጫዋች ሊሆን ይችላል፣ አስተማሪ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ ዝም ልበል፣ የዋሽንት ሰው ይመልስልሽ።


ባለ ባጃጅ
ረቡዕ፣ ጧት 2፡30

እኔ ዋሽንቴን ራሴ ነው የሠራኋት፣ ከውኃ ቧንቧ። ሸምበቆ በጋ ላይ ይሰነጠቅብኛል። ቧንቧ አይሰነጠቅ፣ አይነቅዝ፣ ወንበር ሥር ብጥለው ግድ የለው። አዘዞ መንገድ ላይ ወረፋ ስጠብቅ እነፋለሁ። ደንበኛ ግን ይሸሻል ሃሃ


አያ ሸምበቆ
ረቡዕ፣ ቀትር 6፡50

ልጄ፣ ማራኪ ሰፈር ያልሽው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የመምህራን ወገን ነኝ። በወጣትነቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ዋሽንት እነፋ ነበር። ስለዚህ ከዘመናዊው ትምህርትም ከባህሉም ትንሽ ትንሽ አለኝ።

ስለ ድምፁ መዝለል አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንቺንና የእሱን ዋሽንት ጎን ለጎን አጋድማችሁ አይታችኋል? ቀዳዳዎቹ ትክክል ይገጥማሉ?

ለምን እንደምጠይቅሽ ልንገርሽ። ዋሽንት አራት ቀዳዳ አለው። ሁሉም ሲደፈን አንድ ድምፅ፣ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ሲከፈቱ አራት፣ በድምሩ አምስት። የኛም ቅኝት አምስት ድምፅ ነው። ሸምበቆው ሲበሳ ቀዳዳው የሚቀመጠው ለአንድ ቅኝት ታስቦ ነው። አዋቂ ነፊ እፍኝ ሙሉ ዋሽንት በቦርሳ ይዞ የሚዞረው ለጌጥ መስሎሽ ከሆነ አይደለም፤ ረጅሙ ለወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ለቀጭን፣ አንዱ ለዚህ ቅኝት፣ ሌላው ለዚያ።

እንግዲህ ትዝታን ውሰጂ። ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ሁለተኛው አንድ ሙሉ ድምፅ ነው፣ ወደ ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ሙሉ። አምባሰል እንዲህ አይደለም፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚርቅ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ሰፊ ዝላይ አለ። አንቺሆዬም አጀማመሩ እንደዚሁ ጠባብ ነው። የእሱ "ትንሽ ከፍ ይላል፣ የእኔ ዘሎ ይሄዳል" ስትይ እኔ የሰማሁት እሱ አምባሰል እየነፋልሽ አንቺ በትዝታ ዋሽንት እንደምትከተይው ነው። ይህ ከሆነ መቶ ዓመት ጆሮሽን ብትከፍቺ አይገጥምም።

ጎሐ ላይ ለተባልኸው ልጄ፦ ዋሽንት አስተማሪ የለውም አትበል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ያስተምሩታል። ሐሊም ኤል ዳብህ የሚባል ግብፃዊ በፈረንጆች 1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም ዋሽንቱን ከበገናና ከማሲንቆ ጎን አስቀምጦ ነው። ከሌላ መሣሪያ ጋር ስትነፋ "እኔ በመሰለኝ" አይሠራም፣ መግጠም አለብህ። የዮሐንስ አፈወርቅን ዋሽንት ፈልገህ ስማ፤ ያ ሰው እንዴት አድርጎ ድምፅ እንደሚያቆም ስትሰማ ዋሽንት የእረኛ ጨዋታ ብቻ ነው አትልም።


ጎሐ ላይ
ረቡዕ፣ ቀትር 7፡30

አያ፣ እርስዎ ካሉ እሺ። የቅኝቱን ነገር አላሰብሁትም ነበር። ግን አንድ አዋቂ ነፊ ይህን እንዴት ያጣዋል? ስድስት ቀን ሙሉ?


ማራኪ ሰፈር
ሐሙስ፣ ማታ 2፡45

ዛሬ ሄጄ ነበር። ልተርክላችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለቱን አጋድሜ አስቀመጥኋቸው። በርዝመት እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። በእሱ ላይ የታችኛው ቀዳዳ ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ነው የሚርቅ፣ ከዚያ እስከ ሚቀጥለው ሰፊ ባዶ አለ። በእኔ ላይ የታችኛው ቀዳዳ አምስት ጣት ነው፣ ከእሱ በላይ ያሉት ደግሞ ተቀራርበው ተደርድረዋል። አያ ሸምበቆ ያሉት ማለት ነው!

"የእኔን ንፋው እስቲ" አልሁት። አንስቶ ነፋ። ወዲያው ቆመ፣ አየኝ፣ ሳቀ። "ይሄማ ትዝታ ነው!" አለኝ። በስድስት ትምህርት ውስጥ የእኔን ዋሽንት አንድ ቀን አንስቶ አፉ ላይ አላደረጋትም ነበር። አልተቆጣሁም፣ እንዲያውም ሳቄ መጣ፣ በኋላ ግን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ከነከነኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ፣ በዚያችው በኔ ትዝታ ዋሽንት አምባሰሉን ነፋው! የታችኛውን ጣቱን ሙሉ ሳያነሳ፣ ገርበብ አድርጎ፣ ግማሹን ደፍኖ። ስጠይቀው እንደዚያ ማድረጉን ራሱም አላስተዋለውም። "ጣቴ ያውቃል" ነው ያለኝ።

ከዚያ የራሱን ዋሽንት በ1500 ብር ሊሸጥልኝ ፈለገ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።


አያ ሸምበቆ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡20

እንዳትገዢው። በትዝታሽ ጀምሪ፣ ለጀማሪ ከእሷ የተሻለ የለም። ጎሐ ላይ፣ ጥያቄህን ይኸው ራሱ መለሰው። ጣቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፣ አፉ ግን ሊናገረው አይችልም። ሰውየውን አልወቅሰውም። እኔም አማርኛ እናገራለሁ፣ ሰዋስው ለማስተማር ግን ኮሌጅ መግባት ነበረብኝ።


የአዘዞ እናት
ዓርብ፣ ጧት 4፡05

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። የ9 ዓመት ልጅ አለኝ፣ ፍሉት ነው የሚወደው፣ በቴሌቪዥን አይቶ። ብረቱን ፍሉት ገዝቼ ላስተምረው ወይስ በዋሽንት ይጀምር? ደግሞ አስተማሪ ቤት መጥቶ ቢያስተምር ይሻላል?


ከንፈረ ብረት
ዓርብ፣ ቀትር 6፡15

የአዘዞ እናት፣ የ9 ዓመት ልጅ እጁ አጭር ከሆነ የአዋቂ ፍሉት ይከብደዋል፤ ቀኝ እጁ ወደ ጎን ተዘርግቶ ነው የሚይዘው፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ አንገቱንም ያጣምማል። ጭንቅላቱ የታጠፈ ለልጅ የሚሆን ፍሉት አለ፣ ጎንደር ማግኘቱ ግን ሌላ ሥራ ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም። አጭር ዋሽንት ግዢለት፤ ከንፈሩ ከለመደ በኋላ ወደ ፍሉት ሲሄድ ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

የፍሉት ጥቅሙ፣ ከአያ ሸምበቆ ጨዋታ ጋር ይያያዛል። ቦህም የሚባል ጀርመናዊ በፈረንጆች 1847 ቀዳዳዎቹን ጣት በሚደርስበት ሳይሆን ድምፁ በሚጠይቀው ቦታ አስቀምጦ፣ ጣት የማይደርስበትን በቁልፍ አገናኘው። ስለዚህ ባንድ ፍሉት ትዝታም አምባሰልም ይወጣል፣ የማራኪ ሰፈር ዓይነት ጣጣ የለም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአምባሰል ፍሉቴን ሳነሳ የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ያ ገርበብ ያለ ጣት ነው መሰለኝ የሚጎድለው።

ቤት መምጣቱ ጥሩ ነው፣ አንቺ ግን አብረሽ ተቀመጪ። እናት ሳትኖር ልጅ የሚያስተምር ሰው እኔ አልመክርም፣ ሰውየው መልአክም ቢሆን። አብረሽ ስትቀመጪ ደግሞ ሰዓትሽን እዪ፦ ከአንዱ ሰዓት ውስጥ ልጁ ስንቱን ደቂቃ ነፋ፣ አስተማሪው ስንቱን?


ባለ ባጃጅ
ዓርብ፣ ማታ 1፡00

ማራኪ ሰፈር፣ ሳሙና በር አካባቢ ልጆች ሰብስበው በግቢያቸው የሚያስተምሩ አንድ አባት አሉ። እኔ ልጆቹን አመላልሳለሁ። ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። አድርሼሽ እመለሳለሁ፣ ሂሳቡን ለዋሽንት ሰው እቀንሳለሁ።


ጎሐ ላይ
ዓርብ፣ ማታ 1፡10

የቧንቧ ዋሽንት የሚያስተምሩ እንዳይሆኑ ብቻ


አያ ሸምበቆ
ዓርብ፣ ማታ 2፡00

የቧንቧውን ነገር ካነሳችሁ፣ ልጁን አትናቁት። ለልምምድ ይሆናል። ለእኔ ግን ድምፁ ይቀዘቅዝብኛል። እኛ ስንሠራ የደረቀ ሸምበቆ መርጠን፣ አንጓውን ከውስጥ ወግተን አጽድተን፣ ቀዳዳውን በጋለ ብረት ነበር የምንበሳ። በጩቤ የበሳኸው ይሰነጠቃል። ብረቱን መጀመሪያ ጠበብ አድርገህ ታስገባለህ፣ ትነፋለህ፣ ድምፁ ካነሰ ቀስ እያልህ ታሰፋዋለህ። አንዴ ከሰፋ ግን አይመለስም። ስንቱን ሸምበቆ ለማገዶ ዳርገናል! ገበያ የሚሸጠውን ስትገዙም ይህን አስቡ፤ ለእንግዳ ጌጥ ብሎ በእኩል ርቀት የበሳው ሰው ቅኝቱን አላሰበውም። የማራኪ ሰፈር ቢያንስ ትዝታ ሆና መገኘቷ ዕድል ነው።


ማራኪ ሰፈር
እሑድ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማታ 2፡30

ጠፋሁ፣ ኔት አልነበረም፣ ሥራም በዝቶ ነበር።

ባለ ባጃጅ ወዳሉኝ አባት ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቀን አንድም ጊዜ አልነፉልኝም። ጭራሽ ዋሽንት በእጃቸው አልያዙም። "ንፊ" አሉኝ። ነፋሁ። ፉፉፉ። ዝም አሉ። መዳፋቸውን ከዋሽንቱ አፍ ፊት ዘርግተው ነፋሱ የት እንደሚሄድ ዳሰሱት። "ወደ ግራ እያፈሰስሽ ነው" አሉና አገጬን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። ያኔ ወጣ። ንጹሕ ድምፅ! ደንግጬ አቆምሁ። "ምን አስቆመሽ?" አሉኝ።

የእኔን ዋሽንት ተቀብለው አዩ፣ አሸተቱ (ለምን እንዳሸተቱ አልጠየቅሁም)፣ ቀዳዳውን በጣታቸው ለኩ፣ "ትዝታ ናት፣ ትሁን" አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ድምፅ ብቻ አስነፉኝ። ጠርሙሱንም ቀጥያለሁ፣ ከንፈረ ብረት አመሰግናለሁ። ራሴን ማዞር ትቶኛል። አሁን አምስቱም ድምፅ ይወጣሉ፤ ጠንከር አድርጌ ስነፋ ደግሞ ያው ድምፅ ቀጥኖ ከላይ ይመጣል። እሱን ገና አልተቆጣጠርሁትም፣ ሳላስበው እየሾለከ ያስደነግጠኛል።

ለአንድ ሰዓት 250 ብር ነው የሚቀበሉኝ። የመጀመሪያውን ሰውዬ ግን አልተውሁትም፤ ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ሲጫወት ሰማሁት። አሁን ጣቱን ነው የማይ። ገርበብ ስትል አየኋት!


የአንገረብ ልጅ
እሑድ፣ ማታ 2፡41

እባቡስ መጣ?


ማራኪ ሰፈር
እሑድ፣ ማታ 2፡50

እባቡ አልመጣም፣ አከራዬ እትዬ ግን መጡ። ማክሰኞ ማታ በሩን አንኳኩ፣ አለቀልኝ አልሁ። ቆመው ቆይተው "ይቺ ነገር ከስልክ ናት ወይስ አንቺ ነሽ?" አሉ። እኔ ነኝ አልሁ። "እስከ ቅበላ ንፊ። ከዚያ በኋላ ለፋሲካ" ብለው ሄዱ።

ስለዚህ ስምንት ቀን አለኝ። አያ ሸምበቆ፣ በሁዳዴ ሳልነፋ ጣቴን ብቻ ባለማምድ ይጠቅመኛል ወይስ ያበላሸኛል?


አያ ሸምበቆ
እሑድ፣ ማታ 3፡15

ይጠቅምሻል። ጣት አይጾምም። ግን ቀዳዳውን በጣትሽ ጫፍ ሳይሆን በሥጋው ድፈኚ፣ ከዚያ አንሥተሽ ጣትሽን እዪው፤ ክቡ ምልክት ሙሉ ሆኖ ከታተመ ደፍነሻል፣ ከጎደለ አየር ይወጣል። ሸምበቆዋንም ሃምሳ አምስት ቀን ደርቃ እንዳትሰነጠቅ ከውስጥ ትንሽ የኑግ ዘይት አስነኪያት።


የአዘዞ እናት
እሑድ፣ ማታ 3፡40

ባለ ባጃጅ፣ የኒያን አባት አድራሻ ለኔም በውስጥ መስመር ላክልኝ። አጭር ዋሽንት ከገበያ ገዝቼለታለሁ፣ የምን ቅኝት እንደሆነ ግን እንጃ።